ሆዴን ለማሳነስ ወደ ደባርቅ

ስሜን ሄጄ ከተመለስኩ ዓመት አለፈኝ። የቢሮ ጓደኞቼ እስካሁን «ዋሊያ አየሽ ወይ?» ይሉኛል። አላየሁም። ዋሊያ ወደሚታይበት ወደ ጨነቅ ጭራሽ አልደረስኩም። እኔ ያየሁት አንድ የፈነዳ ጎማ፣ ሁለት በቅሎዎች፣ አንድ ሙክት እና የአክስቴን አውራ ጣት ነው። ይህን የምጽፈው ወደዚያ አገር ለማትሄዱ ነው። አንዳንዱን ነገር ዛሬ ሳስታውሰው በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛልና ሳይጠፋብኝ ላስፍረው።

ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ስንዱ እባላለሁ፤ አዲስ አበባ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እሠራለሁ። በዚያ ኅዳር አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ ክብደቴ መቶ ሠላሳ ሁለት ኪሎ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ደረጃውን ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ ካላረፍኩ አልወጣውም ነበር። ስኳር ከያዘኝ ቆይቷል። ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት ካየ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እህቴ፣ የዓይንሽ ደም ሥሮች መጎዳት ጀምረዋል። ከዚህ በላይ ክኒን እየጨመርኩ መሄድ አልችልም፤ ክብደትሽ ካልወረደ ዓይንሽን ታጪዋለሽ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ስለ ዓይኔ አላመንኩትም፤ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ይታየኝ ነበር። ስለ ክብደቱ ግን የሚከራከር አፍ አልነበረኝም። ለዐሥራ አምስት ዓመት ምግብ ቀንሻለሁ፤ የወረደው ኪሎ ሁሉ ጓደኛ ይዞ ተመልሷል።

አንድ መንገድ ቀርቷል አለኝ፤ አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የሚያወጣ ኦፕራሲዮን። እሱንም ሕንድ አገር ሄጄ እንዳሠራው መከረኝ። ከሕንድ በመጣው ወረቀት ላይ በደማቁ የተጻፈው ዋጋ የስምንት ዓመት ደመወዜ ነበር። ያጠራቀምኩት ሩቡን አይሞላም። የቀረኝ ነገር ደባርቅ ያለው የአባቴ ቤት ብቻ ነው። ቤቱን አባቴና እህቱ እቴቴ ብርቄ አብረው ነው የሠሩት፤ አባቴ ሲሞት የእሱ ድርሻ ለእኔ አለፈ። የፊቱ ሁለት ክፍል መንገድ ዳር ስለሆነ ይከራያል፤ እቴቴ ከኋላ እየኖረች በኪራዩ ትተዳደራለች። ለፊቱ ክፍል ደህና ገዢ መጥቶ ነበር። የእሷ አውራ ጣት ካላረፈበት ግን አይሸጥም።

በስልክ «እቴቴ፣ ለሆዴ ኦፕራሲዮን ልገባ ነው፤ የፊቱን ቤት እንሽጠው?» አልኳት። ውፍረቴን ለማስቀነስ ነው ማለት አፈርኩ። «እኔን! እኔን ያስቀድመኝ! ነይልኝ ቶሎ!» ብላ ስታለቅስ ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ መደወል እችል ነበር፤ አልደወልኩም።

ማክሰኞ

ሰኞን አውቶቡስ ላይ ውዬ ጎንደር አደርኩ። ማክሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ የደባርቁ ሚኒባስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ አይደል?» አለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ይህንኑ ጮክ ብሎ ነበር የሚለው፤ ታክሲው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ግን ሰምተው ኖሮ «ምን ማለትህ ነው? እኔን የግማሽ ሰው ቦታ ይበቃኛል፤ ግማሼን ለእሷ ሰጥቻለሁ። መልስላት!» ብለው ተቆጡት። መለሰልኝ። እሳቸውም እስከ ዳባት ድረስ በመስኮቱ ላይ ተለጥፈው ሄዱ።

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን አገሩ ሰፋ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ አጫጆች በየማሳው ጎንበስ ብለዋል። በስተቀኜ በኩል ስስ ነጭ ጭጋግ አብሮን ይሄዳል። እኛ ሰፈር ጭጋግ የሚባለው ከጭስና ከአቧራ የተሠራ ነው፤ ይህ ግን ንጹሕ ነው፣ እንደ ተፈተለ ጥጥ። እሱን እያየሁ ሸለብ አደረገኝ። በእንቅልፌ ቀላል ሆኜ፣ የመዝገብ ቤታችን ወረቀት ነፋስ እንደሚያነሳው እየተነሳሁ ከሚኒባሱ በላይ እሄዳለሁ።

ዳባት ልንገባ ስንል ጎማው ጧ! ብሎ ፈነዳ። ተሳፋሪው በሙሉ ወረደ። ማንም ወደ እኔ አላየም። አንድ ሰው እንኳ ተሳስቶ አላየኝም፤ ያሳቀቀኝም እሱ ነው። ሽማግሌው ሳይጠየቁ «ጎማው አርጅቷል» አሉ፤ ሌሎቹም ተሽቀዳድመው «አርጅቷል፣ አርጅቷል» አሉ። ተለዋጩ ጎማም ደህና አልነበረም። ሌላ መኪና ነገ እንጂ ዛሬ አይገኝም ተባለና ሽማግሌው አልቤርጎ ወዳላቸው ወደ ወይዘሮ ጥሩዬ አደረሱኝ።

እትዬ ጥሩዬ ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ የአካባቢውን ሠርግ የሚደግሱ ሴት ናቸው። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቅቤ የጠገበ ምንቸት አብሽ ቀረበልኝ። በልቼ «ጠገብኩ» ስላቸው «በሞቴ!» አሉኝ። አዲስ አበባም በሞቴ ይባላል፤ አንዴ ለወጉ ተብሎ ይተዋል። እዚህ ግን ያለው ሰው ዓይንሽን እያየ፣ ጉርሻውን ይዞ፣ እምቢ ብትዪው እውነት የሚሞት ይመስላል። ሦስት ጊዜ በሞቴ አሉኝ፤ ሦስት ጊዜ ጎረስኩ።

እንግዳ ለሆነ ሰው እውነት መናገር እንዴት ይቀላል! ለአክስቴ ያልነገርኳትን ሁሉ ለእሳቸው ዘረገፍኩት። ወረቀቱንም አሳየኋቸው። የፈረንጅ ፊደል አያነቡም፤ ዋጋውን ግን ጣታቸውን አሳርፈውበት አስነበቡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኸ የሠርጉ ቀን ብቻ ነው» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ይኸን ሁሉ ዘመን ስደግስ ባለሠርጎች የሚነግሩኝ የዕለቱን ወጪ ነው። መልሱስ? ቅልቅሉስ? የተሰበረው ዕቃስ? ሰው የሚደኸየው ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ነው፣ ልጄ። በይ ንገሪኝ፤ ማን ይዞሽ ይሄዳል? እሱስ የት አድሮ ምን ይበላል? ስትመለሽ ስንት ወር ከሥራ ትቀሪያለሽ? መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው?»

«ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው።»

«ዕድሜ ልክ!» እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ይኸው ቅልቅሉ! ልብስሽስ? አንዱም አይሆንሽም እኮ!»

ለወራት በደማቁ የተጻፈችውን ቁጥር ብቻ ስመለከት ኖሬያለሁ። እሳቸው ይጠይቁኛል፣ እኔ በወረቀቱ ጀርባ እጽፋለሁ፤ ጀርባው ከፊቱ በለጠ። በመጨረሻ ሳህኑን እያነሱ «ደሞስ ሰው ቤት ስትጠሪ? በሞቴ ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው?» አሉኝ። ይህን አልጻፍኩትም።

ረቡዕ

በማግሥቱ እትዬ ጥሩዬ የአልጋውን እንጂ የምግቡን አልቀበልም አሉ፤ ሠርግሽ ሲደርስ ትከፍይኛለሽ ብለው ሳቁብኝ። ከዳባት ደባርቅ ቅርብ ነው። ጭጋጉ ዛሬም በስተቀኜ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ አባቴ ቤት ያለውን መንገድ በልጅነቴ የማውቀው ዳገት አድርጌ ነበር፤ አሁን ሳየው ሜዳ ነው። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ።

የፊቱን ቤት የተከራየው ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ ወንበር አወጣልኝ። «እማማ ብርቄ ወደ አገር ቤት ከወጡ ሦስት ቀናቸው። የነገው ሚካኤል ማኅበር ተራቸው ነው፤ ሙክት እየጎተቱ ነው የሄዱት» አለኝ። ከዚያ ሐዘን በተሞላ ድምፅ «እርስዎም አይዞዎት፤ እግዜር ያውቃል» አለኝ። ቤቱ ሊሸጥ መሆኑን ሰምቶ ይሁን ሌላ ነገር አልገባኝም። የእንጀራ ገመዱ ያለችበትን ቤት ልሸጥበት መጥቼ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እቴቴ የተወለደችበት መንደር ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ በሚያወጣው በኩል፣ በተራራው ግርጌ ነው፤ መኪና አይደርስም። ልብስ ሰፊው አያሌው የሚባል ባለ በቅሎ አመጣልኝ። አያሌው የቱሪስት ጓዝ ይዞ ጨነቅ የሚመላለስ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ሻንጣዬን በአንድ እጁ አንስቶ መዘነና አስቀመጠው። ባለ በቅሎዎች ጭነት እንዲህ በእጃቸው መዝነው በቅሎዋ ግራና ቀኝ ያመዛዝኑታል። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔን ማንሳት አልቻለም፤ በዓይኑ ግን ሲመዝነኝ ታወቀኝ።

«ሁለት በቅሎ እናርጋት» አለ።

«ለሻንጣው?»

«ሻንጣውንማ እኔ እይዘዋለሁ» አለና ወደ መሬት አየ። «አንዲቱ ስትደክም ወደ ሌላይቱ ይዛወራሉ፣ እትዬ። በቅሎዎቼን ስለምወድ ነው።»

ጾም ስለነበር ማታ ሽሮ ብቻ በልቼ በአባቴ አልጋ ላይ ተኛሁ። አዲስ አበባ አልጋዬ ሲንቋቋ ጎረቤት ይሰማል፤ የአባቴ አልጋ ግን ወፍራም የጥድ እንጨት ነው፤ ዝም ብሎ ተሸከመኝ።

ሐሙስ

ገና ሲነጋ ወጣን። የበቅሎዋ ኮርቻ ላይ ለመውጣት ድንጋይ፣ አያሌውና ልብስ ሰፊው አስፈልገውኛል። ከወጣሁ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ከፍ ብዬ፣ ሳይደክመኝ ከሄድኩ ስንት ጊዜዬ ነው! ከታች የገብስ ክምር፣ ከላይ ጅባራው፣ ያ ረጅም የደጋ ተክል፣ እንደ ቆመ ዘበኛ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩኝና ተመልሰው ወደ ሥራቸው ገቡ፤ እነሱም እንደ ሚኒባሱ ሰዎች ጨዋ ናቸው። ተራራውን ግን ያ ነጭ ነገር ሸፍኖታል። ውብ ነው። አንዳንዴ ጫፉ ብቅ ይላል፣ ደግሞ ይሰወራል፤ ልብሱን እየለበሰ እያወለቀ የሚጫወት ይመስላል።

«አያሌው፣ ይህ ጭጋግ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩት።

ወደምጠቁመው አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። «አንቱ ካሉ ይሁና» አለ። የደጋ ሰው ትሕትና ነው ብዬ ተውኩት።

ቁልቁለት ላይ ወርጄ በእግሬ፣ ዳገት ላይ ተሳፍሬ፣ በቅሎ ስቀይር፣ ስነቃ ስተኛ፣ ከቀትር በኋላ መንደሩ ገባን። ማኅበርተኞቹ እቴቴ በተወለደችበት ቤት ተሰብስበው ጽዋው ተባርኮ ነበር። በሩ ላይ ስቆም ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። እቴቴ ብርቄ ሰባ ዓመት የሞላት፣ አንድ ክንድ የምታህል ሴት ናት። ወገቤ ላይ ተጠመጠመችና «እኔን! እኔን! እኔ ልታረድልሽ!» እያለች አለቀሰች። ሴቶቹም አለቀሱ። ቄሱ መስቀል አሳለሙኝና «በሽታውን ሚካኤል ከሥሩ ይንቀለው» አሉኝ። ከዚያ ከፍ ካለው መደብ ላይ፣ በበግ ቆዳ ላይ አስቀመጡኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሆዷን ልትቀደድ ነው ተብሏል፤ ሆዱን የሚቀደድ ሰው ደግሞ እነሱ በሚያውቁት ሊሞት የደረሰ ነው። አገሩ የሰጠኝ መድኃኒትም አንድ ነው፤ ማብላት። አንዷ ቅቤ፣ አንዷ ማር፣ አንዷ እርጎ ይዛ መጥታለች። «ቢላ የሚገባበት ገላ መፋፋት አለበት» አሉ አንዲት አሮጊት ክንዴን እየጨበጡ። «እሰይ፣ ስብ አላት። ገና አልጨረሳትም።» ለማኅበሩ የታሰበው ሙክትም ለእኔ ሆነ። ጥብሱ መጣ፣ ቅቅሉ መጣ፣ በቅቤ የራሰ ዳቦ መጣ። «በሞቴ!» ከቀኝ፣ «አፈር ስሆን!» ከግራ። የሃያ ሰው ሞት አፌ ላይ ተደርድሯል። መቶ ሠላሳ ሁለት ኪሎዬን ለመቀነስ መጥቼ በሁለት ቀን መቶ ሠላሳ አምስት ሊያደርሱኝ ነው። ልስቅ ነበር፤ ነገር ግን ፊታቸውን ሳየው አለቀስኩ። እነሱም ለማልቀሴ ተጨማሪ አጎረሱኝ።

እቴቴ አጠገቤ ተጠግታ በጆሮዬ «ቤቱን ሽጪው» አለችኝ። «የፊቱን ብቻ አይደለም፣ የኋላውንም ሽጪው። እኔ እዚሁ አገሬ እሆናለሁ። ነፍስሽ ትትረፍ እንጂ ቤት ምን ይሆናል?»

ማላመጤን ቀጠልኩ። አፌ ሞልቶ ነበር፤ ባይሞላም እውነቱን አልነግራትም ነበር።

ዓርብ

ዓርብ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚበላ የለም። ከነጋ ጀምሮ ማንም በሞቴ አላለኝም፤ ሆዴም ጭንቅላቴም ጸጥ አሉ። እኔና እቴቴ ከቤቱ ጀርባ ባለው ካብ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። እዚያ ነገርኳት። ሆዴ ውስጥ ምንም እንደሌለ፣ የሚቆረጠው ደህናው ጨጓራዬ እንደሆነ፣ የሚቆረጠውም እንዳልበላ መሆኑን፣ አፍሬ እንደደበቅኋት፣ ሁሉንም።

«ስለዚህ አትሞቺም?» አለችኝ።

«አሁን አልሞትም።»

«ለመክሳት ነው ይኸ ሁሉ ብር?»

«አዎ፣ እቴቴ። ይቅር በይኝ።»

ብድግ አለች። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ ድምጿ ግን አልጨመረም። «አባትሽ የተወለደው እዚህ ቤት ነው። በዚያ ክፉ ዓመት እናታችን ቆሎውን በእፍኝ እየለካች ነበር የምትሰጠን፤ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እፍኝ፣ በቀን። እሱ ሕፃን ነበረ፣ ያለቅሳል። የእኔን ግማሽ ለእሱ እሰጠው ነበር። ሰው ሲሆን፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲያገኝ፣ የእኔ ልጅ ከገበታ ሳትጠግብ አትነሳም ብሎ ማለ። ያጠገበሽ እሱ ነው! አሁን የእሱን ቤት ሸጠሽ የእሱን ጥጋብ ልታወጪው?» ብላኝ ወደ አውድማው ሄደች።

እውነቷን ነው። አባቴ ሳህኔን ባዶ እስካደርግ አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቀኝ እንደነበር አስታወስኩ፤ ባዶ ሳህን ሲያይ እንዴት ደስ ይለው ነበር! ያን ቀን ልቤ ቆረጠ። ወረቀቱን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሕንድም ቀረ፣ ኦፕራሲዮኑም ቀረ፤ ቤቱ ለእሷ ይሁን፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ጭጋጉ ደስ ይላል፣ እዚያው ካቡ ላይ አንቀላፋሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እቴቴ ሽሮ ይዛ መጣች። ቁጣዋ አልበረደም፤ የተቆጣችበትን ሰው አስርባ ማሳደር ግን አታውቅበትም። ሳታየኝ «አያሌው ከዚያ ከትልቁ ገደል ሥር በቅሎዎቹን ሊያግጥ ሄዷል። እስቲ ይታይሽ እንደሆን እዪ፤ እንዲበላ ልጥራው» አለችኝ።

«ጭጋጉ ሸፍኖታል፣ እቴቴ።»

«የምን ጭጋግ?»

«እዚያ ተራራው ላይ ያለው ነዋ።»

ዞራ ተራራውን አየች። ቀስ ብላ ሳህኑን ካቡ ላይ አስቀመጠች። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ብጣሽ ደመና እዚህ አገር አልመጣም» አለችኝ። ከዚያ ሻካራ መዳፏን አንስታ ግራ ዓይኔን ከደነችው። ዓለሙ በሙሉ ነጭ ሆነ። መዳፏን ወደ ቀኝ ዓይኔ አዛወረችው። ተራራው ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ገደሉ፣ ጅባራው፣ ከሥሩም ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች፣ አያሌውና በቅሎዎቹ። ከጎንደር ጀምሮ በስተቀኜ ሲከተለኝ የነበረው፣ ያደነቅኩት፣ ውብ ነው ያልኩት ጭጋግ የእኔ ዓይን ነበር።

ፈራሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ፈራሁ። እንደ ሕፃን ክንዷን ያዝኳት።

«ይኸን የሚያደርግሽ ጥጋቡ ነው?» አለችኝ።

«ስኳሩ ነው፤ ስኳሩን የሚያብሰው ክብደቴ ነው።»

«ሆድሽ ካነሰ ዓይንሽ ይተርፋል?»

«ሊተርፍ ይችላል ነው ያለኝ። እርግጠኛ አይደለም።»

«ከዚያ በኋላ ምን ያህል ነው የምትበዪው?»

መዳፌን አጎድጉጄ አሳየኋት። አየችው፤ ብዙ ጊዜ አየችው። «ይኸን ልክ አውቀዋለሁ» አለች። «ስጠላው ነው የኖርኩት።» ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ነጠላዋን በእኔ ትከሻ ላይ አደረገች። «የፊቱን ሽጪ። የኋላው ይቆይ፣ ስትድኚ የምትገቢበት ያስፈልግሻል። ግን አንድ ነገር ማይልኝ፤ ከዚያ በኋላ ደህና መብላት ስትጀምሪ የመጀመሪያይቱን ጉርሻ የማጎርስሽ እኔ ነኝ።»

በአባቴ ነፍስ ማልኩላት።

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ

ቅዳሜ ወረድን። እኔ በአንዲቱ በቅሎ፣ እቴቴ በሌላዋ፤ የእሷ በቅሎ ጭነት የሌላት ይመስል ቀድማ ትሄዳለች። ደባርቅ ስንደርስ አያሌው የአንዷን በቅሎ ዋጋ ብቻ ተቀበለኝ፤ «ሁለተኛዪቱ እማማን ነው የያዘች፤ ለእሳቸው አላስከፍልም» አለ። ስለ ጭጋጉ ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። «እንግዳን ዓይንዎ ታመመ አይባልም፣ እትዬ» አለኝና አንገቱን ደፋ። እሑድ እቴቴ ለልብስ ሰፊው ስለ ሽያጩ ራሷ ነገረችው። ገዢውንም ልብስ ሰፊውን እንዳያስወጣው ቃል አስገባችው፤ እንዴት እንዳስገባችው አላየሁም፣ ብቻ ሰውዬው ከቤቷ ሲወጣ ሁለት ጊዜ የጎረሰ ፊት ነበረው።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ጽሑፉን አነበበላትና «በፈቃድዎ ነው፣ እናቴ?» አላት።

«በወንድሜም ፈቃድ ነው» አለች።

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አገላበጠች፣ ወረቀቱ ላይም ጫነች። ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ሰማያዊ ምልክት ቀረች። ጣቷን በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችና «በይ እንሂድ፣ ራበኝ» አለችኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

እትዬ ጥሩዬ ያሉት አንድም አልቀረም። አብራኝ የሄደችው የሥራ ባልደረባዬ ትኬትና አልጋ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተደረገው ምርመራ፣ ከሥራ የቀረሁበት ሦስት ወር፣ በየወሩ የምገዛው ቫይታሚን፣ ሁለት ጊዜ ያስጠበብኩት ልብስ፤ ሁሉም መጣ። በወረቀቱ ጀርባ ባልጽፈው ኖሮ መንገድ ላይ እቀር ነበር። እቴቴ ያጣችውን ኪራይ ከደመወዜ በየወሩ እልካለሁ፤ አንዳንዴ ይዘገያል፣ እሷም አንድ ቀን አልጠየቀችኝም። ክብደቴ ወርዷል። የዓይኔ ጭጋግ አልጠፋም፤ ሐኪሙ ግን ባለበት ቆሟል ይላል። አሁን ጭጋግ ሳይ ቀኝ ዓይኔን ከድኜ አረጋግጣለሁ።

ባለፈው ግንቦት እቴቴ መሐላዬን ልታስፈጽመኝ አዲስ አበባ መጣች። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አንዴም ሳታርፍ ወጣች፤ እኔም ከኋላዋ ሳላርፍ ወጣሁ። በላስቲክ ቋጥራ ያመጣችውን ቅቤ አቅልጣ፣ ምንቸት አብሽ ሠርታ፣ ገበታውን አቀረበች። እንጀራውን ቆርሳ ወጡን ጠቀለለችና የደባርቅ ጉርሻ፣ ቡጢ የሚያህል፣ አነሳች። አየችው። ግማሹን መለሰች። ደግሞ አየችው፣ ደግሞ መለሰች። በመጨረሻ በአውራ ጣቷ አጠገብ አድርጋ ለካችው፤ ከጣቷ ጫፍ አትበልጥም ነበር። አጎረሰችኝ። ቀስ ብዬ፣ እንዳስተማሩኝ፣ ብዙ ጊዜ አላመጥኩ።

ሁለተኛውንም እንዲሁ ሠርታ አጎረሰችኝ። ሦስተኛውን ስትጠቀልል እጇን ያዝኩ።

«ጠገብኩ፣ እቴቴ።»

አፏን ከፈተች። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ አየሁት፤ ሰባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ያለችው፣ እምቢ ተብሎ የማያውቅ ቃል። ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ራሷ ጎረሰችው፤ በሞቴም አላለችኝ።